ከእርጥበት የተረፈ ፍራሽ፦ ወሎ ውስጥ በድንኳን ለሚያድሩ የሚነፋ ፍራሽ አያያዝ

መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያምን በዓል አክብረን ስንመለስ ድንኳኑንና የሚነፋውን ፍራሽ እንደ ነበሩ ጠቅልዬ ደሴ ቤቴ ውስጥ ከቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኋቸው። በዚያ ሰሞን የክረምቱ ጭጋግ ከአምባሰል ተራሮች ገና አልለቀቀም ነበር፤ ሌሊቱን ጤዛ ወርዶ፣ ንጋት ላይም ካፊያ ጥሎ ስለ ነበር ፍራሹን የጠቀለልሁት እጄ እየራሰ ነው። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ለገና ወደ ላሊበላ ለመሄድ ስፈታው መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነበር፤ ተከድኖ የከረመ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። በጨርቁ ላይ ከአንገት እስከ ወገብ ድረስ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጥቁር ነጥቦች ተበትነውበታል። ነፍቼ ስተኛበት ደግሞ ትከሻዬ በሚያርፍበት ቦታ በሁለት የአየር ቦዮች መካከል ያለው መጋጠሚያ ተላቀቀና ቦዮቹ አንድ ላይ አብጠው እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ አሉ። ያን ፍራሽ እሾህ አልወጋውም፤ ምላጭም አልነካውም። የጨረሰው ሦስት ወር ሙሉ እርጥብ ሆኖ መቀመጡ ነው።

ወሎ ውስጥ በተለያየ ምክንያት ከቤቱ ውጭ የሚያድር ሰው ብዙ ነው፤ ግሸንና ላሊበላ ለመሳለም የሚሄደው ምእመን፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣው ተጓዥና አብሮት የሚሄደው አስጎብኚ፣ በቦረና ሳይንት ደኖች ውስጥ ለጥናት የሚሰነብተው ባለሙያ፣ ሐይቅ ዳር ቅዳሜና እሑድን የሚያሳልፈው ወጣት ሁሉ ከመሬት ጋር የሚያለያየው ነገር ይፈልጋል። የሚነፋ ፍራሽ ደግሞ እንደ ልብ ከየሱቁ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞት የሚመጣ፣ አለዚያም አገር ጎብኚ ሲመለስ ትቶት የሚሄድ በመሆኑ፣ አንዴ ከተበላሸ ምትኩን ማግኘት ይቸግራል። እኔም ከዚያች ታኅሣሥ ወዲህ በሁለተኛው ፍራሼ ላይ ያደረግሁትን ጥንቃቄ ከምክንያቱ ጋር አስቀምጣለሁ።

የፍራሹን ዓይነት ማወቅ

ሦስት ዓይነት የካምፕ ፍራሾች አሉ። አንደኛው አየር የማይነፋበት፣ ጥቅጥቅ ካለ ስፖንጅ የተሠራው ነው፤ የስፖንጁ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ አይመጥም፣ በጨርቅ ጠርጎ ነፋስ ላይ ማቆየት ይበቃዋል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሲያትል ከተማ የተጀመረው፣ አየር በማያሳልፍ ጨርቅ ውስጥ ለስላሳ ስፖንጅ ያለበትና ቫልቩ (የአየር መግቢያና መውጫው) ሲከፈት ስፖንጁ እየሰፋ በራሱ አየር የሚስበው ነው። ሦስተኛው ውስጡ ባዶ የሆነው ወይም ስስ የሙቀት መከላከያ ብቻ ያለበት፣ በፓምፕ ወይም በትንፋሽ የሚሞላው ነው።

ለእርጥበት በጣም የሚጋለጠው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ስፖንጁ ውሃውን ከመጠጠ በኋላ በአንዲት ጠባብ ቫልቭ ብቻ ስለሚተነፍስ በቀላሉ አይደርቅም። ከሦስተኛው ዓይነት ውስጥ ደግሞ የወፍ ላባ የተሞላባቸው አሉ፤ ላባ ሲርስ ተጣብቆ ሙቀት መያዙን ስለሚያቆም እነዚህን በአፍ መንፋት ፈጽሞ አይገባም።

ፍራሽ ከመሬት የሚመጣውን ቅዝቃዜ የመከላከል አቅሙ አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፍራሹ ይሞቃል። ለኮምቦልቻና ለሐይቅ አካባቢ የሞቃት ወራት ሌሊት 2 ሊበቃ ይችላል፤ ለደሴ ዙሪያ ደጋና ለላሊበላ የበጋ ሌሊት፣ ይልቁንም ውርጭ ለሚመታቸው የአቡነ ዮሴፍ ከፍታዎች ግን ከ4 በታች የሆነውን አልመክርም። ሁለት ፍራሽ ሲደራረብ ቁጥሮቹ ስለሚደመሩ፣ ቀጭን የስፖንጅ ፍራሽ ከሥር አንጥፎ የሚነፋውን ከላይ ማድረግ ብርዱንም እሾሁንም በአንድ ጊዜ ይመልሳል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው እርጥበት ሲባል የሚታየው ዝናብ ነው። ወደ ፍራሹ ውስጥ የሚገባው ውሃ ግን በአመዛኙ ከራሳችን ሳንባ የሚወጣ ነው። ስንተነፍስ የሚወጣው አየር ሙቀቱ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን በእንፋሎት የተሞላ በመሆኑ፣ በአንድ ሜትር ኩብ 35 ግራም ያህል ውሃ ይዟል። አንድ የተለመደ ፍራሽ 60 ሊትር ገደማ አየር ይወስዳል፤ ስለዚህ በአፍ በተነፋ ቁጥር 2 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይገባል ማለት ነው። ሌሊት አየሩ ወደ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ በሜትር ኩብ ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት ከ7 ግራም ያነሰ ስለሚሆን፣ ከሁለቱ ግራም ውስጥ ከአንድ ተኩል በላይ የሚሆነው ወደ ውሃነት ተለውጦ በፍራሹ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይቀራል። ጠዋት ስናስተነፍሰው የሚወጣው አየሩ ነው፤ የረጋው ውሃ እዚያው ነው። ከላሊበላ ተነሥቶ በአቡነ ዮሴፍ በኩል አምስት ሌሊት የሚጓዝ ሰው በየማታው በአፉ ቢነፋ፣ በመጨረሻው ቀን ፍራሹ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በዚህ ነገር ላይ እውነት ነው፤ በየሌሊቱ የሚገባው ጠብታ አይታይም፣ አይሰማም።

ይህ ውሃ የሚያደርሰው ጉዳት ሻጋታ ብቻ አይደለም። ጨርቁ አየር እንዳያስወጣ የሚያደርገው ውስጠኛ ልባስ ብዙ ጊዜ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ልባሱ በውሃና በሙቀት መካከል ለረጅም ጊዜ ሲቆይ በኬሚካላዊ ለውጥ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ በመጨረሻም ከጨርቁ ይላቀቃል። የእኔ ፍራሽ ያበጠው በዚህ መንገድ ነው። በውርጭ ሌሊት ደግሞ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ሲታጠፍ ልባሱን ይቧጭረዋል።

ከውጭ በኩል ያለው እርጥበት የሚመጣው ከሰውነታችንና ከድንኳኑ አየር ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው ሩብ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ያወጣል። ሁለት ሰዎች በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ ይህ ሁሉ ቀዝቃዛ ነገር ፈልጎ ያርፋል፤ በድንኳኑ ጣሪያና ከመሬት ጋር በተያያዘው ወለል ላይ ይረጋል። ጠዋት ፍራሹን በአንድ ጫፍ ብድግ ስታደርጉት ከሥሩ ውሃው ሽንብራ የሚያካክል ጠብታ እየሆነ በየቦዩ መስመር ተደርድሮ ይታያል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ድንኳኑ አፈሰሰ ብለው ይደመድማሉ፤ ነገር ግን ያ ውሃ ሌሊቱን የተነፈስነው ነው።

አነፋፍ

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ምክር ፍራሹን በአፍ አለመንፋት ነው። ከፍራሹ ጋር የመንፊያ ከረጢት መጥቶ እንደ ሆነ እንዳይጥሉት። ከሌለ ደግሞ ወፍራም የሆነ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት ወስደው አንዱን ጥግ ቫልቩ በሚያስገባው ልክ ብቻ ይቁረጡና፣ ጥጉን ቫልቩ ላይ አጥልቀው በጎማ ላስቲክ አጥብቀው ይሰሩት። የከረጢቱን አፍ ወደ ነፋሱ ከፍተው አየር ሲሞላ አፉን ጠቅልለው ይያዙና በክንድዎ እየተጫኑ ወደ ፍራሹ ያስገቡት። ነፋስ ከሌለ አፍዎን ከከረጢቱ አንድ ስንዝር አርቀው አንዴ በኃይል እፍ ይበሉበት፤ ትንፋሽዎ በዙሪያው ያለውን ደረቅ አየር እየጎተተ ስለሚገባ ከረጢቱ በአንድ ወይም በሁለት እፍታ ይሞላል፣ የሚገባው አየርም አብዛኛው የውጭ አየር ይሆናል። በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ደክሞ የደረሰ ሰው ፍራሽ በአፉ ሲነፋ ራሱን ያዞረዋል፤ ከረጢቱ ከዚህም ያድናል።

በራሱ አየር የሚስበው ዓይነት ከሆነ ድንኳኑ እንደ ተተከለ ቫልቩን ከፍተው ከሃያ ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ማጠንከሪያውን በከረጢት ይጨምሩ።

እስኪነፋፋ ድረስ አይሙሉት። በጎንዎ ሲተኙ ዳሌዎ መሬት ሳይነካ ትንሽ ሰመጥ ካለ ልኩ እሱ ነው። ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ፤ በ20 ዲግሪ የተሞላ አየር ወደ ዜሮ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ወይም መጠኑ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥንክር ያለው ፍራሽ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ልምሾ ሆኖ ቢገኝ ተቀደደ ብለው አይደንግጡ። እኔ ጅብራ በበቀለበት የአቡነ ዮሴፍ ሜዳ ላይ ሌሊቱን በባትሪ ቀዳዳ ስፈልግ አድሬ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ፍራሹ እንደ ገና ሲጠነክር አይቻለሁ። መፍትሔው ማታ ከሞሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ አየሩ ከመሬቱ ጋር ሲቀዘቅዝ የጎደለውን መጨመር ነው።

ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ሌሊት ወደ ሸለቆና ወደ ረባዳ ቦታ ይወርዳል፤ ጤዛውም ውርጩም እዚያ ይበረታል። የአገራችን ገበሬ ቤቱን ከወንዙ ከፍ አድርጎ ጉብታ ላይ የሚሠራው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ሐይቅ ዳር የሚያድሩ ከሆነ ከውሃው ራቅ፣ ከሣሩም ከፍ ብለው ይትከሉ። በዛፍ ጥላ ሥር ጤዛ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን በድንገት ስለሚጥል ከሥሩ ማደር አይመከርም።

ከመሬቱ ላይ እሾሁን በእጅ ዳብሰው ይልቀሙ። ወደ ባቲና ወደ ቆቦ ሲወርዱ የግራርና የአሜኬላ እሾህ፣ በደጋው ደግሞ ኮሸሽላና ቀጋ አለ። ከድንኳኑ ሥር ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ ሲያነጥፉ ጠርዙ ከድንኳኑ ወለል ወደ ውጭ እንዳይወጣ አጥፈው ወደ ውስጥ ያስገቡት። ወደ ውጭ የቀረው ጠርዝ በጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ከወለሉ ሥር ስለሚያስገባው፣ ለመከላከያ የተነጠፈው ላስቲክ ራሱ ኩሬ ይሆናል።

ሌሊቱን

ብርዱ ቢከብድም የድንኳኑን መተንፈሻ አይዝጉ። እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ የሚያርፈው ፍራሹ ላይ ነው። ፍራሹን ከድንኳኑ ግድግዳ አንድ ስንዝር አራርቀው ያንጥፉ፤ የረጠበ ልብስና ካልሲ በላስቲክ ከረጢት አስረው በእግርጌ ያኑሩ እንጂ ውስጥ አይዘርጉ። ብርድ ሲብስ ፊትን በስሊፒንግ ባግ ውስጥ መቅበር ያምራል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚተነፍሱት እንፋሎት ሁሉ ወደ መኝታዎ ይገባል። ይልቁንስ አፍንጫንና አፍን ነፃ አድርጎ ራስን በሻሽ ወይም በኮፍያ መሸፈን ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ድንኳኑን ለማሞቅም ሆነ ለማድረቅ ብሎ የከሰል ምድጃ ማስገባት ነፍስ ያጠፋል። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም እንኳ አያስገቡ።

የፍራሹ ጨርቅ አየር የማያሳልፍ በመሆኑ ላብ ሲያርፍበት ይቀዘቅዛል፤ ቆዳን የሚያጣብቀው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። በመካከል የሚነጠፍ ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከወሎ ዝተትና ባና የሚሻል አላገኘሁም። የበግ ጠጉር ከክብደቱ 30 በመቶ የሚደርስ እንፋሎት መጥጦ ገና እርጥብነቱ አይሰማም። ክብደቱ ከከበደዎ ጋቢም ይሆናል፤ ጋቢ ግን ጥጥ ስለሆነ ጠዋት የግድ መሰጣት አለበት። ዝተቱን ከፍራሹ በላይ እንጂ ከሥር አያድርጉት፤ ከሥር ከሆነ የወለሉን ውሃ ጠጥቶ ለሚቀጥለው ሌሊት እርጥብ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ፀጉሩን ቅቤ የተቀባ ሰው ራሱን በሻሽ ይሸፍን ወይም በትራስጌው ነጠላ ያንጥፍ፤ ቅባት በጨርቁ ውስጥ ከሰረገ ሻጋታን ይጋብዛል፣ በኋላም በዚያ ቦታ ማስጠገኛ አይዝም። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ፕላስቲክን ሊያለሰልስ ስለሚችል፣ ተቀብተው ሳይደርቅ ፍራሹ ላይ አይተኙ።

ጠዋት

ከእንቅልፍዎ እንደ ተነሡ፣ ፍራሹ የሰውነትዎን ሙቀት እንደ ያዘ ቫልቩን ይክፈቱ። ውስጡ ያለው አየር ገና ለብ ያለ ስለሆነ እንፋሎቱን ይዞ ይወጣል፤ ቁርስ እስኪበላ ከተተወ ግን ቀዝቅዞ ውሃውን እዚያው ይጥለዋል። ከእግርጌው ጀምረው ወደ ቫልቩ እየጠቀለሉ በጉልበትዎ ተጭነው ያስወጡትና ወዲያው ቫልቩን ይዝጉ፤ ክፍት ከቀረ እርጥቡን የጠዋት አየር መልሶ ይስባል። ቀጥለው ይፍቱትና ከሥሩ ያለውን ውሃ በደረቅ ፎጣ ይጥረጉ፤ ድንኳኑ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ሰጥተው ሌላውን ዕቃ እስኪሸክፉ ነፋስ ያግኘው።

ካፊያ ከሆነና ማድረቅ ካልተቻለ እንደ ረጠበ መጠቅለል የግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከረጠበው ድንኳን ለይተው በራሱ ላስቲክ ያኑሩት፤ ለምሳ ስታርፉም ፈትታችሁ ዘርጉት። በተራራ ላይ የቀትር ፀሐይ አሥር ደቂቃ ብታገኘው የውጩ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ግን ቫልቩ ክፍት ይሁን፤ ተነፍቶ ተዘግቶ በፀሐይ የተተወ ፍራሽ ውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ መጋጠሚያዎቹን ያላቅቃቸዋል። በከፍታ ላይ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ ናይለኑንም ያደርቀዋል። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አያቆዩት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የተነፋ ፍራሽ በመኪና ጭኖ መሄድ አይገባም። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ደሴ ሲወጣ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚጨምር የውጩ የአየር ግፊት 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ጥንክር ብሎ የተሞላ ፍራሽ ደሴ ሲደርስ ከልኩ በላይ ይወጠራል።

ቤት ሲደርሱ

ፍራሽ የሚድነውም የሚጠፋውም በዚህ ሰዓት ነው። ደክሞኛል፣ ነገ እፈታዋለሁ ማለት እኔን ሦስት ወር ወሰደብኝ። በደረሱበት ቀን ቢያንስ ፈትተው ቫልቩን ከፍተው በጥላ ይስቀሉት።

መታጠብ ካለበት ቫልቩን በደንብ ዘግተው፣ በትንሹ ነፍተው፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ስፖንጅ ይጠቡት። በረኪናና ጠንካራ የዱቄት ሳሙና ጨርቁንና ልባሱን ይጎዳሉ፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አይገባም። ሳሙናው ተጠርጎ እስኪያልቅ ያለቅልቁት። በላዩ ላይ ሻጋታ ካለ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው በጨርቅ ይቀቡትና ግማሽ ሰዓት ቆይተው ያጥቡት፤ ይህን ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍነው ያድርጉት። ጥቁሩ ነጥብ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ ሽታው ከጠፋና ጨርቁ ከደረቀ ግን ፍራሹ ያገለግላል። ሻጋታው ውስጥ ከገባ ነገሩ ሌላ ነው፤ በቫልቩ በኩል የሚታጠብ አይደለም፣ በአፍ መንፋትም ሻጋታውን ወደ ሳንባ መጋበዝ ነው። እንዲህ ያለውን ፍራሽ ከሥር መደረቢያ አድርጌ በፓምፕ ብቻ እነፋዋለሁ፤ ለሰው አላውሰውም።

የውስጡን ውሃ ማስወጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ እርጥበቱ 40 በመቶ የሆነ አየር ፍራሹን ሲሞላ ከውስጥ ተጨማሪ ሊወስድ የሚችለው ውሃ ከግማሽ ግራም ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ከላይ ያሰላነውን የአምስት ሌሊት ውሃ ለማውጣት አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል መሙላትና ማስተንፈስ ያስፈልጋል። አደራረጉ እንዲህ ነው፦ በቀትር፣ ቤቱ ሲሞቅና አየሩ ሲደርቅ በከረጢት ወይም በፓምፕ ይሙሉት፤ ቫልቩን ዘግተው ሁለት ሰዓት ያቆዩት፤ ከዚያ ቫልቩን ወደ ታች አድርገው አስተንፍሰው እንደ ገና ይሙሉት። በቀን አራት ጊዜ ካደረጉት በሦስትና በአራት ቀን ያልቃል። ፓምፑ ሙቅ አየር የሚያወጣ ከሆነ አይጠቀሙበት። በመጨረሻው ቀን አፍንጫዎን ወደ ቫልቩ አስጠግተው ሲያስተነፍሱት የረጠበ አፈር የሚሸት ከሆነ ገና ነው።

ይህን ሥራ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ መሥራት ቀላል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ግን ጭጋጉ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ የበልጉ ዝናብ አለ። በእነዚህ ወራት ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ሰው ፍራሹን ለሳምንት ቢልከው አይጸጸትም፤ ሞቃቱ አየር በአንድ ሙሌት ብዙ ውሃ ይሸከማል። ሌላው ክፍት በሆነ፣ እንጀራ በማይጋገርበትና ጭስ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ይስቀለው። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ግን ከእርጥበቱ የባሰ ጥፋት ነው።

ሲተነፍስ ቢገኝ

ሲያድር የሚቀንስ ፍራሽ በብርዱ ምክንያት አለመሆኑን ለማረጋገጥ ቤት ውስጥ ነፍተው፣ ከባድ ብርድ ልብስ ጭነውበት ያሳድሩት። ከቀነሰ መጀመሪያ ቫልቩን ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚያ ገብቶ የቀረ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የሣር ሰበዝ ነው። የሳሙና ውሃ ሲቀቡት አረፋ ከሠራ ቫልቩን አጽድተው ይሞክሩት። ቫልቩ ደህና ከሆነ ፍራሹን አጠንክረው ነፍተው በትልቅ ሳፋ ውስጥ በየተራ እያጠመቁ ይጫኑት፤ ከአንድ ቦታ እንደ ዶቃ ክር ተከታትሎ የሚወጣ አረፋ ሲያዩ በእስክሪፕቶ ያክብቡት።

ቦታው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በአልኮል ጠርገው፣ አስተንፍሰው ዘርግተው፣ ከፍራሹ ጋር የመጣውን ማጣበቂያ በስሱ ይቀቡና ጥፉን (መጣፊያውን ቁራጭ) ይለጥፉበት፤ ጥፉ ከቀዳዳው በየዙሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይብለጥ። መጽሐፍ ወይም ሞሰብ የመሰለ ክብደት ጭነው እስከ ማግሥቱ ይተዉት። ብዙ ሰው ወደ ጎሚስታ ይወስደዋል። የጎሚስታ ማስቲሽ ለካላማዳሪያ ጎማ የተሠራ ስለሆነ በናይለንና በፖሊዩሬቴን ላይ ሳይውል ይነሣል፤ ቶሎ የሚደርቀው ኃይለኛ ሙጫ ደግሞ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውንም ያሰፋዋል። የተላቀቀ የቦይ መጋጠሚያ በማንኛውም ማጣበቂያ አይመለስም፤ ለዚህ ነው ልባሱን ከውሃ መጠበቅ የሚበልጠው።

አቀማመጥ

በራሱ አየር የሚስበውን ፍራሽ ተዘርግቶ፣ ቫልቩ ተከፍቶ ያስቀምጡት፤ አልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ቢቆም ስፖንጁ ሳይጨማደድ ይኖራል። ጠቅልለው ለወራት ከተዉት ስፖንጁ ተረግጦ ይቀርና አየር መሳብ ያቆማል። ውስጡ ባዶ የሆነው ዓይነት ደርቆ እስከ ሆነ ድረስ ላላ ተደርጎ ሊጠቀለል ይችላል፤ በየጊዜው እጥፋቱ በተለያየ ቦታ ቢሆን ጨርቁ በአንድ መስመር አይሰበርም። ሁለቱንም አይጥ ከማይደርስበት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ሙቀትና ከሲሚንቶ ወለል ላብ ያርቋቸው። በላስቲክ አያሽጓቸው፤ አሮጌ አንሶላ ወይም የጥጥ ከረጢት ይበቃል።

ለጉዞ ከመነሣትዎ ከሁለት ቀን በፊት ያውጡት። ማታ ነፍተው ሳሎን ውስጥ ዘርግተው፣ ወንበር ሳይሆን ብርድ ልብስ ጭነው ያሳድሩት፤ ጠዋት በመዳፍዎ ሲጫኑት የማታውን ያህል ከመለሰ፣ ጥፍና ማጣበቂያውን፣ የመንፊያ ከረጢቱንና አንድ ደረቅ ፎጣ አብረው ጠቅልለው ይሸክፉት።